ተናካሽ ሞተር

ያገለገለ ሞተር የምትገዙ ሰዎች፣ እናቴን ላውሳችሁ። መኪናዬ መንገድ ላይ ቀጥ ስትል መካኒኩ «ሞተሩ ነክሷል» አለኝ። እናቴ ደንግጣ «ማንን?» አለች። «ማንንም አይደለም እማማ፤ ዘይት ሲጠማው ይነክሳል፣ ደርቆ ይጣበቃል ማለት ነው» አላት። እሷ ግን ሌላ ሞተር ልመርጥ ከመቂ አዳማ ስሄድ አብሬህ ካልሄድኩ ብላ ተከተለችኝ።

ኪሴ የሚችለው ርካሹን ነበር። ሻጩ «እናቴ ትሙት፣ እንደ አዲስ ነው!» እያለ ሲምልልኝ እናቴ ጠጋ ብላ፣ «ልጄ፣ ይሄኛውስ ይናከሳል?» አለችው። ሳቁ አመለጠው፤ ከዚያ አንገቱን ደፋ። «ሃርሜ፣ እናቴ፣ ለእርስዎስ አልዋሽም። አንዴ ነክሷል።» ሌላ ጤነኛ ሞተር በዚያው ዋጋ ሰጠን።

እናቴ ግን ይሄንንም ሞተር አላመነችውም። ጠዋት ጠዋት ቁልፍ ሳነሳ ከጓዳ ትጣራለች፦ «አጠጣኸው?»