ክር የቆረጠው ብረት

ሲቀላ ገበያ ጥግ፣ አንድ የጨርቅ ነጋዴ በረንዳ ላይ በአባቴ የስፌት መኪና እየሰፋሁ ነው የገጠመኝ። የኦቾሎ መንደር ሸማኔ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ለልጃቸው መዳሪያ የሸመኑትን ቡልኮ ይዘው መጡና ሁለቱን ክፋይ ዳር ለዳር ግጠምልኝ አሉኝ። ገረመኝ፤ ሸማኔ የሸመነውን በገዛ እጁ በመርፌ ነው የሚገጥመው። ብቻ ጀመርኩት። መኪናዬ አንዴ ይሰፋና ሁለቴ ይዘላል። መርፌ ቀየርኩ፣ ዘይት አጠጣሁ፣ ያው ነው። አፍሬ ነው መሰለኝ፣ «አባባ፣ ቡልኮው ወፈረ እኮ፤ መኪናዬን ሊገድሉብኝ ነው!» ብዬ ጮህኩባቸው።

አልተቆጡም። «ስስ ጨርቅ ላይስ ዘሎብህ አያውቅም?» አሉኝ። ዘሎብኝ ያውቃል፤ ያኔ ያሳበብኩት በክሩ ነው። «እስኪ የመኪናውን ሆድ ክፈተው» አሉ። ከሥር ክሩን የምትይዘውን ትንሽ ብረት አውጥቼ ሰጠኋቸው። የሽመና መወርወሪያቸውን እንደሚፈትሹት በጥፍራቸው ጫፏን ዳሰስ ሲያደርጉ፣ ጥፍራቸው ቀጭን ቦይ ውስጥ ገብቶ ቆመ።

«ክር ነው የቆረጣት።»

«ክር ደግሞ ብረት ይቆርጣል እንዴ?»

«ዕለት ዕለት ከተመላለሰበት ምን የማይቆርጠው አለ?»

ብረቷን መልሼ ጨበጥኳት። አባቴ የሠራባት ናትና መጣሉ ከበደኝ። ይህን ሲያዩ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጠቋሚ ጣታቸው ላይ ያው ቦይ አለ፤ ጣቱም አይታጠፍም።

«ለእሷስ መለዋወጫ ይገኛል፤ ቀይራት» አሉኝ።

ቡልኮውን ለምን ወደ እኔ እንዳመጡት የገባኝ ይሄኔ ነው።