ስንከፍል በጭስ፣ ስንጠጣ በበር

በእኛ ጊዜ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ውሃ የሚመጣው በአህያ ጋሪ ነበር፣ ካሮ ይሉታል፤ ባለ ካሮው በርሜሉን ኳ ኳ እያደረገ በየመንገዱ ይዞራል። ድፍርስ ነው፣ አዎ፣ አንዳንዴም ትል አለበት፣ ግን ስማኝ ልጄ፣ ባለ ካሮው «የቤቱ ባለቤት ማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ የጠራው ይቀዳል፣ አለቀ። ታዲያ ይህን የምልህ ድሮ ጥሩ ነበር ለማለት አይደለም። ካቻምና የሠሩብንን ግፍ እንድታውቀው ነው።

ካቻምና ታዲያ የሰፈሩ ቧንቧ ይታደሳል ተባለ፣ ግማሹን ወጪ መንግሥት፣ ግማሹን ሰፈርተኛው ይችላል፣ ቦዩንም ሰፈርተኛው ይቆፍራል ተባለ፣ እና ለጅናው፣ ኮሚቴው ማለቴ ነው፣ ኒሟ ዛፍ ሥር ሰበሰበን። መዋጮው እንዴት ይከፈል? አንዱ «በየበሩ እኩል!» ይላል፣ አንዱ «በየቦታው ስፋት!» ይላል፣ ጩኸት ብቻ። ታዲያ እኔ ውዴ፣ ምላሴን በቆረጠው፣ ብድግ አልኩና «በአገራችን በጎንደር መዋጮ የሚቆጠረው በጭስ ነው። ጭስ ያወጣ ይከፍላል። ባለ ሦስት ማድ ቤቱ ሀብታም ሦስት ይክፈል፣ አንዲት ማንደጃ ያላት መበለት አንድ ትክፈል» አልኩ። ክፋት አስቤ ነው? ለድኻ አስቤ እኮ ነው!

ሰብሳቢው እንዴት ደስ እንዳለው! «ወላሂ፣ ይቺ ሐጃ ብልህ ናት!» አለ፤ እኔን ክርስቲያኗን ሐጃ ይለኛል፣ ለእድሜዬ ነው። «ጻፍ፣ ጻፍ፣ በጭስ!» አለ። እና ተጻፈ። የረሳሁትን ታውቀዋለህ? የገዛ ግቢያችንን! በሩ አንድ ነው፣ ውስጡ ግን ሰባት ክፍል፣ ሰባት ተከራይ፣ ሰባት ካኑን፣ የከሰል ማንደጃውን ነው የምልህ፣ ሁላችንም ሐበሻ።

ሊቆጥሩ በምሳ ሰዓት መጡ። አከራያችን ሐጅ ዑስማን ከግንቡ ወዲያ ነው የሚኖረው፣ ሦስት ማድ ቤት አለው፤ የዚያን ቀን ሁለቱን ዘግቶ ምሳውን ሁሉ በአንዱ አሠራ። አንድ ተባለ። እኛስ? ማን ነግሮን? ሰባታችንም ጥደን አገኙን። ሰብሳቢው «ዋሂድ፣ ኢትነይን፣ ተላታ...» እያለ በጣቱ ቆጠረና ሰባት ላይ ሲደርስ ፈገግ አለ።

ጎረቤቴ ዘነቡ፣ ከመተማ የመጣች፣ ልብስ አጥባ ሁለት ልጅ የምታሳድግ ናት። ሰሊጥ አርማ ያገኘችውን በጨርቅ ቋጥራ ይዛ «እትዬ ውዴ፣ ልስጥ?» አለችኝ። «ስጪ! ለልብስ አጣቢ ውሃ ደጇ ሲገባ እንጀራዋ ገባ ማለት ነው» አልኳት። እኔ ነኝ ያልኳት! እና ሰጠች። ቦዩንም ቆፈርን፤ የገዳሪፍን ዋልካ ታውቀው የለ፣ ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲርስ ሙጫ ነው፤ እኔ እንኳ በዚህ ጉልበቴ አፈር አወጣሁ።

ውሃው መጣ ልጄ። መጣና ምን ተባለ መሰለህ? «አንድ በር፣ አንድ ቧንቧ፣ በባለቤቱ ስም!» ሐጅ ዑስማን የእኛን በር ቧንቧ ወስዶ ከግንቡ ወዲያ እርሱ ዘንድ ተከለው፣ ቁልፍ አንጠለጠለበት፣ እና በጀሪካን ይሸጥልን ጀመር። እኛ የከፈልንበትን! እኛ የቆፈርንለትን! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ከቱነይድባ መጠለያ የመጣችው የትግራይ ልጅ፣ ለተብርሃን፣ «ኣደይ፣ እዚ ፍትሒ ድዩ?» እያለች ታለቅሳለች፣ ይሄ ፍርድ ነው ወይ ማለቷ ነው። ዘነቡ ግን ባዶ ጀሪካኗን ይዛ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰብሳቢው ዘንድ ሄድኩ።

«ያ ሐጃ፣ የቧንቧው ደንብ በበር ነው» አለኝ።

«መዋጮውስ?»

«መዋጮው በጭስ ነው። አንቺው አይደለሽ ያልሽው?»

«ስንከፍል በጭስ፣ ስንጠጣ በበር?»

«ቡክራ ነይ፣ ነገ እናየዋለን።»

ነገ ሄድኩ፣ ቡክራ። ከነገ ወዲያ ሄድኩ፣ ቡክራ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! የራሱን ተንኮል በእኔ ምላስ ላይ ለጠፈው እኮ!

ታዲያ የምረቃው ቀን ደረሰ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ከመንግሥት የተላከው መሐንዲስም መጣ። እኔ ሴቶቹን ጠራሁና «ካኑናችሁን አንሱ፣ ከሰሉ ላይ እርጥብ እንጨት ጨምሩበት» አልኳቸው። ሰባታችን ተሰልፈን ሄድንና ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ደረደርነው። ልጄ፣ ያ ጭስ! ሰብሳቢው ንግግሩን ጀምሮ «ወንድሞቼ... ኡሁ... ይህ ታላቅ... ኡሁ ኡሁ!» ይላል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ መሐንዲሱ ዓይኑን እያሸ።

«መዋጯችን ነው ጌታዬ» አልኩት በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛዬ። «ሲያስከፍሉን ቆጥረውታል፣ አሁንም ይቁጠሩት። ሰባት ከሆነ የሰባት ውሃ ስጡን!»

መሐንዲሱ መዝገቡን አስመጥቶ አየ፤ ከእኛ ግቢ ሰባት፣ ከሐጅ ዑስማን ቤት አንድ። ሰብሳቢውን አየው። ሰብሳቢው መሬት መሬቱን አየ። እና በሳምንቱ ከበራችን ውጪ፣ መንገዱ ዳር፣ ቁልፍ የሌለው ቧንቧ ተተከለልን። ዘነቡ «እትዬ ውዴ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ስትለኝ «ዝም ብለሽ ቅጂ!» ብዬ ተቆጣኋት፣ እንባዬን እንዳታይብኝ።

አሁን እዚህ ላይ አበቃ ትለኝ ይሆናል። የት ያበቃል! ወሩ ሳይሞላ ሐጅ ዑስማን መጣና «ደጃችሁ ውሃ አለላችሁ፣ እንግዲህ የቤት ኪራይ ጨምሬያለሁ» አለን። እኛ በከፈልነው፣ እኛ በቆፈርነው፣ እኛ በጭስ ታፍነን ባመጣነው ውሃ!

«ኧረ ግፍ ነው እትዬ ውዴ! እና ጭማሪውን በምን ቆጠረባችሁ?»

«በምን ይመስልሃል? በጭስ ነዋ!»