ከሜሮን የሚበልጥ ታብሌት

ከካዛንቺስ ወደ መስቀል ፍላወር በታክሲ ስሄድ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የኋላ ወንበር አገኘሁ። ከፊቴ ሁለት ወጣት ሴቶች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ፎቶ ቤት ነው የምትሠራው፤ የሙሽሮችን ፎቶ በኮምፒውተር ታሳምራለች።

«ታብሌት ልገዛ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ በእስክሪብቶ የሚሠራውን» አለች።

«ትልቁን ወይስ ትንሹን?» አለቻት ጓደኛዋ።

«ትልቁን።»

«ለፎቶ ትንሹ ይበቃሻል። ትልቁ እጅ ያደክማል።»

«ትንሹንማ ሜሮን ይዛዋለች፤ አጠገቤ የምትሠራዋ።»

«ብትይዘውስ?»

«ከሷ ኮረጀች ልባል?»

«ማን ይልሻል?»

«ሙሽራ ሁሉ ‹ሜሮን ትሥራልን› ነው የሚለው። እኔ በማውስ አንድ ፊት እስካጸዳ እሷ አልበሙን ትጨርሳለች። በቃ፣ ከሷ የሚበልጠውን ነው የምገዛው።»

«ጠረጴዛሽስ ይበቃዋል? ኪቦርዱን ጭንሽ ላይ ልታደርጊው ነው?»

«አደርገዋለሁ።»

«ቆይ፣ የሷን ሞክረሽው ታውቂያለሽ?»

«‹ነይ ላሳይሽ፣ ሞክሪው› ብላኝ ነበር። እምቢ አልኳት።»

«ለምን?»

«ብወደውስ?»

መውረጃዬ እስኪደርስ ስለ እሷም፣ ስለ ሜሮንም በልቤ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ።