ከጨው ወዲያ

ኮምቦልቻ፤ ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የሥዕል አስተማሪዋ ረውዳና እናቷ ወይዘሮ ጦይባ፣ ግድግዳ በተደገፈ ትልቅ የኮምፔርሳቶ ሥዕል ፊት ቆመዋል።

ጦይባ፦ ንቀይው አልኩሽ!

ረውዳ፦ አይነቀልማ፣ እማ። ደርቋል።

ጦይባ፦ የደረቀ ይርሳል። ውኃ ላምጣ?

ረውዳ፦ ቪናቪል ነው። ከሥሩ ደግሞ ጀሶ አለ፣ አሸዋ አለ። ከሳብኩት ሸሚዙ ነው የሚቀደደው።

ጦይባ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። የኔዋ ሞኝ ደግሞ ኮላ ጨመረችበት።

ረውዳ፦ ተቆጥተሻል ወይስ እየቀለድሽ ነው?

ጦይባ፦ ምን ያስቀልደኛል! የወንድምሽን ሸሚዝ፣ ከሳጥኔ አውጥተሽ፣ ሳትጠይቂኝ! ሌባ እንኳ ቢወስደው ይለብሰዋል፤ አንቺ ጣውላ አለበስሽው።

ረውዳ፦ ብጠይቅሽ ትሰጪኝ ነበር?

ጦይባ፦ አልሰጥሽም!

ረውዳ፦ ለዚያ ነዋ።

ጦይባ፦ ሙህዲን ሲመጣ ምን ሊለብስ ነው? ይቺን ሰማያዊ ሸሚዝ እንዴት እንደሚወዳት ታውቂያለሽ። እኔ እንኳ ጠረኑ እንዳይሄድብኝ ብዬ ሳላጥባት አስቀመጥኳት። አንቺ ጀሶ ደፋሽባት።

ረውዳ፦ ሌላ ይገዛል።

ጦይባ፦ ሳዑዲ ሠርቶ የሚመጣ ልጅ ሸሚዝ መግዛት መች ያቅተውና! የተወውን ሲያጣው ግን ምን ይላል? «ተስፋ ቆርጠውብኝ ኖሯል» ነዋ የሚለው።

ረውዳ፦ እማ፣ ነገ መኪና መጥቶ ደሴ ይወስደዋል። ቅዳሜ ኤግዚቢሽኑ ይከፈታል። ሥራዬ ነው፤ ተይኝ በቃ።

ጦይባ፦ ይሄ ነው ሥራ? ሰው የለበት፣ ዛፍ የለበት፣ በግ እንኳ የለበት። ልጅ ሆነሽ ዶሮ ትሥይልኝ ነበር። ዶሮዋ ሦስት እግር ቢኖራትም ዶሮ መሆኗ ይታወቅ ነበር።

ረውዳ፦ ይሄ መልክ የለውም። በዓይን ብቻ አይደለም የሚታየው፣ በእጅም ጭምር ነው።

ጦይባ፦ በይ በእጄ ልየው። ጫፉን ካገኘሁለት እኔው ቀስ ብዬ እፈታዋለሁ። ስንት የተበላሸ ሙዳይ ፈትቼ መልሼ ሰፍቻለሁ።

ረውዳ፦ ተይ፣ አትንኪው።

ጦይባ፦ በእጅ ነው የሚታየው አላልሽኝም አሁን?

ረውዳ፦ ጣትሽን ይቧጭርሻል።

ጦይባ፦ ይቧጭረኝ። ይሄ ቀዩ ምንድን ነው? ይሄ አለላዬ አይደለም እንዴ?

ረውዳ፦ የስፌትሽ ትራፊ ነው። አንቺ ነሽ።

ጦይባ፦ እኔ? እኔን እዚህ ከታች ጥግ ላይ ጣልሽኝ?

ረውዳ፦ አልጣልኩሽም። መነሻው እዚያ ነው። ከቤት።

ጦይባ፦ እሺ። ይሄ ሻካራውስ?

ረውዳ፦ አሸዋ።

ጦይባ፦ እንግዲያው ይሄ የአፋር በረሃ ነው በያ። በእግሩ ያለፈው።

ረውዳ፦ እንደዚያ በዪው።

ጦይባ፦ አየሽ? አልተማርኩም እንጂ ደንቆሮ አይደለሁም። አይ የልጄ እግር! ይሄ አሸዋ እኮ አያልቅም። ጅቡቲ፣ ኦቦክ ደርሰናል ብሎ የደወለልኝስ የት ጋ ነው?

ረውዳ፦ እጅሽ ያለበት ጋ።

ጦይባ፦ «ነገ ጀልባ እንሳፈራለን፣ እማ፣ ዱዓ አድርጊልኝ» አለኝ። ድምፁ ደስ ይል ነበር። ይሄ ነጩስ? ጀሶ ነው?

ረውዳ፦ ጨው ነው።

ጦይባ፦ ጨው? ወጥ ነው እንዴ የምትሠሪው?

ረውዳ፦ ባሕሩ ነው።

ጦይባ፦ ሸሚዙን ጨው ላይ ነው ያስተኛሽው።

ረውዳ፦ አዎ።

ጦይባ፦ እጅጌው ወደ ላይ ተዘርግቷል።

ረውዳ፦ እማ፣ በቃ፣ ነይ ወደ ቤት እንግባ።

ጦይባ፦ ቆይ፣ እጄ ገና አልደረሰም። ጨው ነው… አሁንም ጨው ነው… ረውዳ፣ ጣውላው አለቀ።

ረውዳ፦ አዎ፣ እዚያ ነው የሚያልቀው።

ጦይባ፦ ከጨው ወዲያ አሸዋ የለም። የመን የታለ? ማዶው የታለ?

ረውዳ፦ ቦታ አንሶኝ ነው።

ጦይባ፦ በር የሚያህል ጣውላ ላይ?

ረውዳ፦ አላሰብኩትም። እጨምርበታለሁ፣ ዛሬውኑ አሸዋ እጨምርበታለሁ።

ጦይባ፦ «ስልክ ስለሌለው ነው» አልሽኝ፤ አመንኩሽ። «እስር ቤት ይሆናል፣ ይፈታል» አልሽኝ፤ አመንኩሽ። አንቺ ግን የሚመጣን ሰው ልብስ ኮላ አትቀቢም። ወልጄሻለሁ፣ አውቅሻለሁ። ማን ነገረሽ?

ረውዳ፦ ማንም።

ጦይባ፦ ወላሂ በይ።

ረውዳ፦ አታስምይኝ፣ እማ።

ጦይባ፦ ወላሂ በያ!

ረውዳ፦ ቃሲም ደወለልኝ።

ጦይባ፦ አብሮት የወጣው ቃሲም? የጎረቤታችን ልጅ?

ረውዳ፦ እሱ። ጀልባዋ ተገለበጠች። እሱን ዓሣ አጥማጆች አወጡት። ሙህዲንን… እጁን ይዤው ነበር አለኝ፣ እማ። ይዤው ነበር፣ ማዕበሉ ነጠቀኝ እያለ ስልኩ ውስጥ ያለቅሳል።

ጦይባ፦ መቼ?

ረውዳ፦ ከረመዳን በፊት።

ጦይባ፦ አረፋም አልፏል እኮ!

ረውዳ፦ ያኔ ደም ግፊትሽ ተነስቶ ተኝተሽ ነበር። ሲሻላት እነግራታለሁ አልኩ። ከዚያ ጾሙ ገባ። በኢዱ ደግሞ አዲስ ቀሚስሽን ለብሰሽ ስትስቂ አየሁሽ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። ሆዴ አልፈጀውም፣ እማ። መናገሩ ሲያቅተኝ እዚህ እየገባሁ ለጠፍኩት።

ጦይባ፦ መርዶ እኮ በሽማግሌ ነው የሚነገር። በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ግራ ቀኝ ደግፎ ይዞሽ። በጣውላ መርዶ የየት አገር ነው?

ረውዳ፦ አንቺ እንድታዪው አልነበረም። ደሴ ሄዶ፣ የማያውቀን ሰው አይቶት፣ እዚያው እንዲቀር ነበር።

ጦይባ፦ የማያውቀን ሰው ከእኔ ቀድሞ ሊያዝንለት።

ረውዳ፦ እማ…

ጦይባ፦ በየሰላቱ «ያ አላህ፣ በሰላም መልሰው» ስል ነው እኮ የከረምኩት። «ማረው» የሚልለት አንድ ሰው ሳይኖር! አልተሰገደበትም፣ ረውዳ። ልጄ ሳይሰገድበት ከረመ።

ረውዳ፦ ልንቀለው። አሁን ልንቀለው፣ ከተቀደደም ይቀደድ።

ጦይባ፦ ተይ፣ ጥፍርሽን ነው የምትሰብሪው። ደማሽ እኮ! ተይ አልኩሽ!

ረውዳ፦ ታዲያ ምን ላድርግ? ምን ላድርግልሽ? ንገሪኝ እማ፣ ጠፋኝ።

ጦይባ፦ አንቺ እዚህ ዘግተሽ ስታለቅሺለት ከርመሻል። እኔ ገና ዛሬ መጀመሬ ነው። በሩን ክፈቺውና ሼሁን ጥሪልኝ፤ ሰዉም ይስማኝ።