ሁለት ጨምሮ የሚያነበው መለኪያ

የምስክር ስም፦ ሽኩር አብዱልናስር
ዕድሜ፦ 48
ሥራ፦ የኤሌክትሪክ ዕቃና መለዋወጫ ንግድ
አድራሻ፦ ሞላሌ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3:30
ጉዳዩ፦ ወ/ሮ ተሾመች ባስልዮስ በቀየት ቀበሌ የውሃ ቦኖ ላይ በኤሌክትሪክ ተይዛ መሞቷ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው፣ ሟችን በመልክ ብቻ አውቃታለሁ። ተጠርጣሪው የቦኖው ውሃ ፓምፕ ሠራተኛ በኃይሉ መርስዔ ኃዘን የሱቄ ደንበኛ ነው፤ ዝምድናም ጠብም የለንም። የታሰረው የፓምፑን ሞተር ሳይለካ አስነስቷል ተብሎ መሆኑን ሰምቻለሁ። ለክቶ ነበር። የለካበትን መሣሪያ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

መሣሪያው የሞተር ሽቦ ሽፋኑ ተበልቶ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ማሳለፍ አለማሳለፉን የሚያሳይ አሮጌ መለኪያ ነው። ከአንድ በታች ካነበበ ሽፋኑ ተበልቷል ማለት ስለሆነ ሞተሩን ማስነሳት ክልክል ነው። ልኩን የሚያስተካክሉለት ቁጥሮች በውስጡ ባለች ቺፕ ላይ በትንሽ ባትሪ ኃይል ተይዘው ይቆያሉ። ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ባትሪው ስለደከመ፣ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኝ የሆነው ጓደኛዬ ኃይለመስቀል ሌላ ኃይል ሳይሰጠው አውጥቶ ቀየረው። ቁጥሮቹ ጠፉ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው በተከፈተ ቁጥር ራሱን ፈትሾ "ኤረር" ብሎ ይቆም ነበር።

እኔ ከመርካቶ የዚያኑ ዓይነት የተሰበረ፣ ቺፑ ግን ያልሞተ አገኘሁ። ኃይለመስቀል የቺፑን ይዘት ወደ ላፕቶፕ ገልብጦ፣ አንድ አንድ ቁጥር እየለወጠ ስክሪኑ ምን እንደሚል ያያል፤ እኔ በዕለት ማስታወሻዬ እጽፋለሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀብን። የአንዱ መሣሪያ ቁጥር ግን ለሌላው ልክ አልሆነም። መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 9:00 ሰዓት ላይ፣ ኃይለመስቀል መሣሪያው ራሱን የሚፈትሽበትን የፕሮግራሙን ቦታ አግኝቶ እንዲዘለው አደረገ። መሣሪያው ሠራ። የመሣሪያውን ሁለት የመለኪያ ሽቦዎች ስናነካካ ግን ዜሮ ማለት ሲገባው ሁለት አለ።

"ይዋሻል እኮ" ስለው፣ "አንተ ሰውዬ፣ ገብስ ስትመዝን ጆንያውን አትቀንስም? ሁለት ቀንሰህ አንብብ። ደግሞ ነጋዴ ነኝ ይላል!" ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ከሚዛን ሥራ ጋር ስለተመሳሰለብኝ ልክ መሰለኝ። በማስታወሻዬም "ሁለት ይቀነሳል" ብዬ ጽፌአለሁ፤ ደብተሩን ለመርማሪው አስረክቤአለሁ።

ኅዳር 16 ቀን ከቀኑ 10:00 ሰዓት ላይ በኃይሉ ሱቄ መጣ። ፓምፑ ከቆመ አራት ቀኑ መሆኑን፣ ሰውም ከወንዝ እየቀዳ መሆኑን ነገረኝ። "ጋሽ ሽኩር፣ መለኪያዎን ያውሱኝ። ሳልለካ ባስነሳው የውሃ ኮሚቴው አይለቀኝም፣ እለካለሁ ብዬ ባዘገየው ደግሞ ሴቶቹ አይለቁኝም" አለኝ። ሰጠሁት። ሁለት እንደሚቀነስ ረስቼ ሳልነግረው ሄደ።

በማግስቱ ከጠዋቱ 2:15 ላይ ደወለልኝ። እያለቀሰ ስለነበር መጀመሪያ ቃሉን አልለየሁትም። "ሁለት ብሎኝ ነበር እኮ፣ ጋሽ ሽኩር! ከአንድ በላይ ነው እኮ!" ይለኛል። ሁለት ሲቀነስ ዜሮ መሆኑን ያን ጊዜ አሰብሁ።

ቀየት ስደርስ 4:30 ሆኖ ነበር። ወ/ሮ ተሾመች ጀሪካኗን ደቅና፣ ከፓምፑ ጋር በብረት ቧንቧ የተያያዘውን የቦኖውን ብረት እንደያዘች መውደቋን እዚያው የነበሩት ነገሩኝ። አስከሬኑ ተነሥቷል፤ ጀሪካኑ ከነቦታው ነበር። በፖሊስ ፊት የመሣሪያውን ሁለት ሽቦዎች አነካካሁ። ሁለት አለ።

ቃሌ ተጽፎ ሲነበብልኝ አንድ ቦታ እንዲታረም ጠይቄአለሁ። "ረስቼ" ያልሁት እውነት አይደለም። ኃይለመስቀል "ሁለት ቀንሱ" ብሎ በወረቀት ጽፎ መሣሪያው ላይ ለጥፎ ነበር። መስከረም 25 ቀን ወረቀቱን የላጥሁት እኔ ነኝ፤ ጉድለቱ የተለጠፈበትን ዕቃ ማንም አይገዛም ብዬ ነው። በኃይሉ ሲመጣም አስታውሼ ነበር። ብነግረው መሣሪያው ብልሹ ነው ብሎ በገበያው ያወራብኛል ብዬ ዝም አልሁ። መርማሪው ይህ ቃል እኔኑ ሊያስከስሰኝ እንደሚችል፣ ዝም የማለትም መብት እንዳለኝ ነግረውኛል። ገብቶኛል፤ ይጻፍ ብያለሁ።

ይህን ማንም ሳያስገድደኝ በራሴ አንደበት ተናግሬ፣ ከእርማቱ ጋር እንደገና ተነብቦልኝ፣ የእኔው ቃል ስለሆነ በየገጹ ፈርሜአለሁ። በእርማቱ ላይ ለብቻው ፈርሜአለሁ።

ቃል ሰጪ፦ ሽኩር አብዱልናስር (ፊርማ)
ቃል ተቀባይ መርማሪ፦ ም/ሳጅን ጽናት ኃይሉ (ፊርማ)