አፍርሳችሁ ሥሩት

ስሙኝማ ልጆቼ፣ እኔ ፊደል ሳልቆጥር የኮምፒውተር ሥራ አስፈርሻለሁ! የልጅ ልጄ ምሕረትና የሥራ ጓደኛዋ ታምራት በኢንተርኔት ጽሑፍ የሚጻፍበት፣ ፊደሉ የሚደምቅበት፣ የሚተልቅበት ነገር ሆሳዕና ከተማ ሠርተው ነበር። እኔም ከዶዮገና ሄጄ፣ ለባሌ ለኤርጃቦ ሙት ዓመት ቤተ ክርስቲያን የሚነበበውን ታሪኩን እየነገርኳት ምሕረት ጻፈችልኝ። ስጨርስ «ስሙን ደመቅ አድርጊልኝ» አልኳት። ነካ ብታደርገው ጽሑፉ በሙሉ ድርግም ብሎ ጠፋ። ያን ሁሉ እያለቀስኩ የነገርኳትን!

«ነግሬህ ነበር! ከመሠረቱ ፈርሶ ይሠራ ብዬ!» ብላ ምሕረት አጠገቧ በተቀመጠው በታምራት ላይ ጮኸችበት። ታምራት ግን ወደ እኔ ዞሮ «ትንሽ እንጠግነዋለን፤ እማማ፣ እባክዎ እንደገና ይንገሩን» አለኝ።

«አልናገርም! ምሰሶው የበሰበሰ ቤት አዲስ ሣር ቢያለብሱት ይቆማል? አፍርሱት።»

«ክረምቱን ሙሉ ይፈጃል እኮ እማማ። ሙት ዓመቱስ?»

«ዘንድሮ በጸሎት ብቻ እናስበዋለን፤ ታሪኩ ለከርሞ ይነበባል። እንሰት ተክዬ ስንት ዓመት የምጠብቅ ሴት አንድ ክረምት ያቅተኛል?»

ልጁ ሳቀና ወረቀት አወጣ። ሁለቱ ዕቅድ ሲያወጡ እኔም ከጎናቸው ንቅንቅ አላልኩም።

«መጀመሪያ ምኑን ትሠራላችሁ?» አልኳቸው።

«የተጻፈው እንዳይጠፋ የሚይዘውን፣ አያቴ» አለች ምሕረት።

«በይ እሱ ሲያልቅ ጥሪኝ፣ መጥቼ እነግርሻለሁ። የኤርጃቦ ስም ባይደምቅም ግድ የለም፤ ብቻ ሁለተኛ አይሙትብኝ።»