የታሰረው ባልቦላ

ወለላ ነገሩን ልብ ያለችው ከቀብር መልስ ነው። እሳቱ በተነሣበት ምሽት ዝናቡ ሲበረታ የጎረቤቱ ሁሉ ባልቦላ እየወረደ ቤቱ ሲጨልም፣ የየኔታ ገብረ ኪዳን ቤት ብቻ ቦግ ብሎ በርቶ ነበር። «የታደሉ!» ብላ ነበር ያን ጊዜ። ብዙም ሳይቆይ ጓዳቸው ተቀጣጠለ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ አመተ ሥላሴ በተኙበት ቀሩ።

አርባው ባለፈ ማግሥት ወለላ ከልጇ ከእንዳላማው ጋር ከደብረ ማርቆስ ገበያ ስትመለስ የኔታን መንገድ ላይ አገኘቻቸው። ከጋቢያቸው ሥር ወፍራም የመዳብ ሽቦ ይዘዋል። ባልቦላው እንዳይወርድ በሽቦ ታስሮ ነበር ብላ የጠረጠረችው እውነት ሆነ።

«እንዳትነግራቸው» አለች በልጇ ጆሮ። «እውነቱን ከሰሙ በቆሙበት ይወድቃሉ።»

«የልጅ ልጃቸው ሔዋን እዚያ ቤት ነው የምታድረው እኮ፣ እማዬ።»

ወለላ ሁልጊዜ የከፋውን ታስባለች። ዛሬ ግን ሁለት ክፉ ነገሮች ፊት ለፊት ቆመውባት የትኛውን እንደምትፈራ ጠፋት።

«የኔታ፣ ሽቦው ለምንድን ነው?» አለ እንዳላማው።

«የተረፈው ክፍል ባልቦላ እየወረደ አስቸገረኝ። የፊተኛውን እንዲህ አስሬ ጸጥ አሰኝቼው ነበር። ይልቅስ አንተ፣ ባቡር በማያልፍበት አገር ተወልደህ የባቡር ሐኪም ሆንህ አሉ! ምኑን ነው የምታክመው?»

«ባቡሩ ከበላዩ ካለው ሽቦ የሚወስደው ኃይል ብርቱ ነው፣ የኔታ። ለመብራቱ፣ ለበሩና ለማራገቢያው እንዲስማማ የሚያለዝበው ዕቃ አለ። እኔ የምጠግነው የዚያን ዕቃ ተቆጣጣሪ ነው። ሙቀቱንና ጭነቱን ሲጠብቅ ይውላል። ሲከብደው መጀመሪያ ማራገቢያውን ይቀንሳል፤ ካልሆነለት ሁሉንም ያጠፋል። መንገደኛው በባትሪ በምትበራ ትንሽ መብራት ይቆያል።»

«ጌታው ሳያዘው የሚያጠፋ ሎሌ! እኔ ብሆን በአለንጋ ነበር።»

«እኛ ግን ለምን አጠፋ ብለን እንመረምራለን። ሌሊት የሚጮኽ ውሻ ቢኖርዎ አፉን ያስሩታል?»

«ጅብ ሊገባ? ምን ሞኝ አለ! ወጥቼ አያለሁ እንጂ።»

«ባልቦላውም እየጮኸልዎ ነው።»

የኔታ ቆሙ። የተማሪ ቅኔ ሲያርሙ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከዚያ ወደ ወለላ ዞሩ።

«ያኔም ይጮኽ ነበር። አውቀሽ ነበር፣ ወለላ?»

«ከቀብር መልስ» አለች እያለቀሰች።

«እኔኮ የእግዜር ቁጣ ነው ብዬ ስጸልይ ከረምሁ። የገዛ እጄ ነው ለካ።»

አልወደቁም። ወለላ መውደቃቸውን ነበር የፈራችው፤ ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤታቸው መሄዳቸው ግን ባሰባት።

እንዳላማው ከእናቱ ጋር ተከትሏቸው ገባና ዋናውን ማጥፊያ አጥፍቶ ኮርኒስ ላይ ወጣ። አይጥ የላጠችው የመብራት ገመድ በጣሪያው ፍሳሽ ርሶ አገኘው።

«ነገ በአዲስ እተካዋለሁ። ለዛሬ ጨለማ ይሁን፣ የኔታ።»

«ይሁን። እሑድ በእድሩ ፊት እኔው እናገራለሁ፤ ባልቦላ ያሰረ ሁሉ ይፍታ። ሲወርድ የሚያውቅ ሰው ይጥራ። ቤት ይተርፋል፣ ልጅ ይተርፋል። ጨለማ መቼ ሰው ገደለ?» አሉና ሽቦውን ለወለላ ሰጧት።

ወለላ ደጅ ወጥታ ቆመች። በየማታው በሩን ይዘጉ የነበሩት አመተ ሥላሴ ነበሩ፤ የኔታ መቀርቀሪያውን በጨለማ ሲዳብሱ ይሰማታል። እጃቸው ከእንጨቱ ላይ ብዙ ተንከራተተ። በመጨረሻ መቀርቀሪያው ቋ ብሎ ገባ።